የእድሩ ቤት ፍሪሲዮን

አሁን አሁን ስብሰባ ላይ ስጠራ «በሕፃናት ትምህርትና ጤና ፈር ቀዳጅ የሆኑት እናታችን» እያሉ ያስተዋውቁኛል። ያን ጊዜ አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ሳቄን ነው የምደብቀው። እኔ ሥራዬን የጀመርኩት በእድር ድስቶች መካከል፣ ግንባራቸው ከማይፈታ አንድ ሽማግሌ ጋር እየተጨቃጨቅሁ ነው። እሳቸው ባይኖሩ ዛሬ ማንም እናታችን አይለኝም ነበር። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ በሰው ፊት አፏን ስለዘጋችባቸው ደግሞ ከነልጆቼ ሊያስወጡኝ ምንም አልቀራቸውም።

ነርስ ነበርኩ። ልደታ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል ውስጥ ስሠራ አንድ ነገር አንገሸገሸኝ። ለተቅማጥ መድኃኒት ሰጥቼ የሸኘሁት ልጅ ብዙም ሳይቆይ በዚያው በሽታ ተመልሶ ይመጣል። እናቱም «ሲስተር፣ ያ መድኃኒት ጥሩ ነበር፣ ድገሚልኝ» ትለኛለች፤ ልክ ከሱቅ ስኳር እንደምትገዛ። መድኃኒት ስደግም ከማረጅ መዋዕለ ሕፃናት ከፍቼ ልጆቹን ሳይታመሙ ብይዛቸው ይሻላል ብዬ ሥራዬን ለቀቅሁ። እናቴ «አበደች» ብላ ለጎረቤት ተናገረች። ጎረቤት ደግሞ አልካደም።

ልብ እንጂ ቤት አልነበረኝም። በዚያ ዘመን በሰፈራችን በጠመንጃ ያዥ ሰፊ ነገር ቢኖር የእድሩ ቤት ብቻ ነበር፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ሳህኑ የሚቀመጥበት የጭቃ አዳራሽ ከነግቢው። ቤቱን የለመንኩት ከእድሩ ዳኛ ነው። ዳኛ ስል የፍርድ ቤት አይደሉም። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክሉ፣ ለቅሶ የቀረውን የሚቀጡ፣ ሰፈሩ በቁሙም በሞቱም የሚፈራቸው ሽማግሌ ናቸው። «ለጊዜው ተጠቀሚበት» አሉኝ፤ «ለጊዜው» የምትለዋን ጣታቸውን ቀስረው። ሰው የሞተ ዕለት ልጆቹን ሰብስቤ ውልቅ ልል፣ የእኛን ነገር ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ ሊቆርጠው ተስማማን። ወላጆች «ነገ ትምህርት አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ «እግዚአብሔር ያውቃል» እላቸው ነበር። ጸሎት አልነበረም፣ የትምህርት ፕሮግራማችን ነው።

ዳኛው በልጅነታቸው ጋራዥ ገብተው ጡረታ እስኪወጡ ከመኪና ሥር ያልወጡ መካኒክ ነበሩ። ሰውንም የሚያዩት እንደ መኪና ነው። ያረጀውን «ባሊስትራው ወርዷል» ይሉታል፣ ወሬኛውን «ፍሬን የለውም»። እኔን ምን እንደሚሉኝ ጠይቄ አላውቅም። በኋላ እንደሰማሁት «ሞተሯ ጥሩ ነው፣ መሪዋ ግን ያስቸግራል» ነበር።

ልጅ የሚማረው በጨዋታ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ልጅ የሚጫወተው ግን ያየውን ነው፤ የእኔዎቹ ደግሞ የሚያዩት ድንኳንና ድስት ነበር። የሌላ ሰፈር ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ የእኔዎቹ ለቅሶ ለቅሶ ይጫወታሉ። አንድ ቀን አንዱ ወረቀት ጠቅልሎ ጥሩምባ ሠራና በር ላይ ቆሞ የእድሩ ዳኛ ማረፋቸውን ለፈፈ። ለምን እሳቸውን እንደመረጡ ስጠይቃቸው «ትልቅ ሰው ሲሞት ነው ብዙ የሚለቀሰው» አሉኝ፤ መልሱ ምንም አልጎደለውም። የተጠቀለለ ምንጣፍ መሐል አስተኝተው፣ ብርድ ልብስ በሁለት ወንበር ላይ ወጥረው፣ «አባባዬ፣ አባባዬ» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። በደጅ የምታልፍ አንዲት ሴት ጎመን የያዘ ዘንቢሏን ጥላ አብራቸው ታለቅስ ጀመር። ሟቹ የገቡት በዚህ መሐል ነው።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ።

«እርስዎ» አላቸው ጥሩምባ ነፊው።

ዳኛው ምንጣፉን አዩት፣ ብርድ ልብሱን አዩት። «ድንኳኑ ጠሟል» አሉ በመጨረሻ። «ለእኔ በጠማማ ድንኳን አይለቀስም።» ጎንበስ ብለው ገመዱን አጠበቁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሲስተር፣ ቤቱን የሰጠንሽ ለዚህ ነው?» ብለው ወጡ። ሴትዮዋ ጎመኗን ለቅማ ስትሄድ እኔን ተራገመች፤ በከንቱ ስላለቀሰች ነው የተናደደችው።

የወላጆቹ ክስ ሌላ ነበር። እነሱ የፈለጉት እንግሊዝኛ ነው። ሰንጋ ተራ አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ አባት «የሰው ልጅ ኤ ፎር አፕል ሲል የእኔው አፈር ይዞ ይመጣል» አለኝ።

«አፕል አይቶ ያውቃል?» አልኩት።

«ታዲያ እንዲያውቅ አይደል የምልከው» አለኝ።

እኔ ግን ከእንግሊዝኛው በፊት እጅ መታጠብን አስቀደምኩ። ልጆቹ ምሳቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ግማሾቹ ክርስቲያን ግማሾቹ ሙስሊም ስለሆኑ ሥጋ ይዞ መምጣት ከለከልኩ፤ ሽሮ፣ ድንች፣ ፓስታ፣ ፍርፍር ብቻ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር እንዲበላ። አብሮ መብላት ካለ ደግሞ ጉርሻ አለ፤ ምሳ ሰዓት ላይ የማይጎራረስ ልጅ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ «ያልታጠበ እጅ አያጎርሰኝ»። ምሳ ሊከፈት ሲል በአንድ ድምፅ ይጮኹታል፣ ከመንገድ ማዶ ይሰማል።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ከየት እንዳገኘሁት የማላስታውሰው አንድ ሥዕል ነበር፤ ሁለት እጆች ተሥለውበታል። ንጹሑ እጅ ሮዝ ነው፣ ቆሻሻው እጅ ጥቁር ሆኖ ዝንብ ሰፍሮበታል። ሠዓሊው የእኛን አገር ሰው እጅ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። በእሱ ሥዕል ከሄድን አገሩ በሙሉ ታጥቦ አያውቅም። ቢሆንም ሌላ ሥዕል አልነበረኝምና ሰቀልኩት።

ትምህርቱ ከጠበቅሁት በላይ ያዘ። ልጆቹ ወደየቤታቸው የገቡት እንደ ተቆጣጣሪ ነው። አንድ የሚኒባስ ሹፌር አባት መጥቶ «ሲስተር፣ ልጄ እጄን አሽትቶ መለሰኝ። የራሴ ልጅ፣ በራሴ ሽሮ» አለኝ። አንዲት እናት «አማቴ ከወሎ መጥታ ስታጎርሰው ‹ታጥበሻል?› አላት። እስክትመለስ ድረስ አላናገረችኝም» ብላ ስትከሰኝ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር። ጤና ጣቢያ የቀሩት ጓደኞቼ ደግሞ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ልጆችሽ የት ጠፉ፣ ተቅማጥ አቆሙ እንዴ?» ይሉኛል። ያን ስሰማ ቁመቴ ይጨምራል።

ከሁሉም የባሰችው አንዲት ፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ነበረች። እናቷ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ እርድና ቅመም ትሸጣለች። ልጅቷ ምሳ ላይ በሰልፉ እየዞረች የሰው መዳፍ ትገለብጣለች፤ የእኔንም ጭምር።

የጉባኤው ቀን ደረሰ። እሑድ ነው፣ የእድርተኛው ወንበር ግቢውን ሞልቶታል። ከአጀንዳዎቹ አንዱ «የሕፃናቱ ቤት» የሚል ነበር፤ ያን ቀን ወይ ቤቱ ይጸናልናል ወይ ወደ ድስቱ ይመለሳል። እኔም ተንኮል አላጣሁም፤ ልጆቹን አጣጥቤ አምጥቼ አስዘመርኳቸው። ዳኛው ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ጾም ስለነበረ በየዓይነቱ ቀርቦ ነበር። ዳኛው በደስታ አንድ ጉርሻ ጠቀለሉ፣ እንደ ሥልጣናቸው ትልቅ። ከዘማሪዎቹ ሁሉ መርጠው ያቺን የእርድ ሻጯን ልጅ ጠሩ።

«ጉረሺ የኔ ልጅ» አሉ።

ልጅቷ ጉርሻውን አላየችም። እጃቸውን አየች። የጥፍራቸው ዙሪያ፣ የመዳፋቸው መስመር፣ የጣታቸው ስንጥቅ ሁሉ ጥቁር ነው፤ ልክ እንደ ሥዕሉ፣ ዝንቡ ብቻ ነው የቀረው። እሷ አፏን ገጥማ እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች።

«አባባ፣ እጅዎ ቆሻሻ ነው» አለች።

እርስዎ ማለትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አንተ ብላቸው ኖሮ የልጅ ብልግና ተብሎ ይታለፍ ነበር። እንዲህ በአክብሮት ስትናገረው ግን ግቢው በሙሉ እንደ ምስክር ቃል ሰማት።

ጉርሻ አንዴ ከተዘረጋ መመለሻ የለውም። ራስህ አትበላው፣ ወደ ትሪው አትመልሰው። ዳኛው እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ወደ ጎን ዞር ብለው የእድሩ ጸሐፊ አፍ ውስጥ ከተቱት። ጸሐፊው አጀንዳ እያነበበ ነበር፤ «ቀጥሎ ያለው የሕፃናቱ ቤ…» ላይ ነው የተደፈነው። ማኘኩ ረዘመ፣ ጉርሻው የተለካው ለዳኛ ክብር እንጂ ለጸሐፊ አፍ አልነበረም። እሱ ዋጥ እስኪያደርግ ዳኛው «ይሄ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቆይ» ብለው ተነሡ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ልጅ አይዋሽም» ይላል፣ ግማሹ «ይቺ ሴትዮ ልጆቻችንን እያስናቀችን ነው» ይላል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል ለቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ሽማግሌ ተላከብኝ። አንድ ቄስና አንድ ሼህ፤ ጎረቤታሞች ናቸው፣ የእድሩን ጠብ ሁሉ አብረው ነው የሚያስታርቁት። ቄሱ ጀመሩ። «ልጄ፣ ነገሩ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ ልጅቷን ይዘሻት ትመጫለሽ፣ በሰው ፊት ከእጃቸው ትጎርሳለች፣ ያልቃል። እምቢ ካልሽ ግን ቤቱን አስረክቢ።»

«ሳይታጠቡ?» አልኩ።

«የአባት እጅ አይቆሽሽም።»

ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እኛ እንኳ ሳንታጠብ ለሶላት አንቆምም» አሉ ቀስ ብለው።

ቄሱ ዘወር አሉባቸው። «አንተ ከማን ወገን ነው የመጣኸው?»

«እኔ ከውኃው ወገን ነኝ» አሉ ሼሁ።

ሲሄዱ ብቻዬን ተብከነከንኩ። ልጅቷ ከጎረሰች ያስተማርኩት ሁሉ ለትንንሽ ሰዎች ብቻ የሚሠራ ሕግ ሆነ ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው ሲመጣ የሚታጠፍ። ካልጎረሰች ደግሞ ልጆቼ ሜዳ ላይ ቀሩ። ሌላ እንዲህ ያለ ግቢ በዚያ ሰፈር የለም፤ ለኪራይ ደግሞ አቅሙ አልነበረኝም። ተናደድኩ፤ በልጅ አፍ የሚታረቅ ኩራት ምን ዓይነት ኩራት ነው አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የምናገረውን እያሰላሰልኩ፣ ልጣላቸው ወደ ዳኛው ቤት ሄድኩ።

በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። «ሲስተር፣ እንኳን መጣሽ፣ እባክሽ ተቆጪልኝ። ከእሑድ ጀምሮ እጁን ሊልጠው ነው» አሉኝ።

ዳኛው ጓሮ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ባኞ፣ ነጭ ጋዝ በጠርሙስ፣ ሰጋቱራ፣ የልብስ ሳሙናና የሽቦ ብሩሽ ተደርድሯል። ሲያዩኝ እጃቸውን ካፖርታቸው ሥር ደበቁ። ትንሽ ቆይተው ግን አወጡት።

«ነርስ አይደለሽ? እስቲ እይው። ይሄ ይለቃል?»

እጃቸውን ያዝኩት። ጥቁሩ ቆዳው ላይ ሳይሆን ቆዳው ውስጥ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ዘይትና ግራሶ ሲገባበት ስንጥቁ ይዞት ቀርቷል። በብሩሹ ብዛት የተላጠው ቦታ ቀይ ሆኖ ደም ሊያወጣ ደርሷል።

«አይለቅም» አልኳቸው።

«ቆሻሻ ነው?»

«አይደለም። ከእኔ እጅ ይልቅ የታጠበ ነው።»

ቀና ብለው አላዩኝም። «ያን ዕለትም እኮ ታጥቤ ነበር» አሉ። «ጉባኤ ስለሆነ፣ ሁለቴ ነው የታጠብኩት።»

ያ ዝንብ የሰፈረበት ሥዕል ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ይዤው የመጣሁት ጠብ እንደዚያ ጉርሻ መመለሻ አጣ፣ አፌ ላይ ቀረ። «ይምጡና ለልጅቷ ይንገሯት፣ ትሰማለች» አልኩ።

ይሄኔ ዳኛነታቸው ተመለሰ። «እኔ በጥርስ የለሽ ልጅ ፊት ቀርቤ ልፈተን? አልመጣም» አሉ። ደጅ ድረስ ሲሸኙኝ ግን፣ «ቤቱን መጥቼ አየዋለሁ። የእድር ንብረት ነው፣ ማየት ሥራዬ ነው» አሉ።

ሥዕሉን ያኔውኑ አወረድኩት። ልጆቹ «ቲቸር፣ ቆሻሻው እጅ የት ሄደ?» ሲሉኝ «ሊታጠብ ሄደ» አልኳቸው። ትምህርቱንም ቀየርኩ። ቆሻሻ በዓይን አይታይም፣ ነጭ ነገርም ይቆሽሻል፣ ጥቁር ነገርም ንጹሕ ይሆናል፤ የሚታመነው ሲታጠብ ያየነው እጅ ነው አልኳቸው። የእርድ ሻጯ ልጅ እጇን አወጣች።

«የአባባ እጅስ?»

«ሲታጠብ አላየንም» አልኩ።

«ታዲያ እንየዋ» አለች፣ ልክ የቀረው ነገር እሱ ብቻ እንደሆነ።

ዳኛው በምሳ ሰዓት መጡ። የውኃ ፈረቃ ነበርና ከሩቅ በጀሪካን ተቀድቶ የመጣውን ውኃ በአንዲት ጆግ ለሰልፉ በሙሉ እየቀዳሁ ላቤ ይንጠባጠባል። ከኋላ ያሉት ይጋፋሉ፣ አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ድንቹን በምላሱ ከምሳ ዕቃው ያነሣል። ዳኛው በሩ ላይ ቆመው አዩ። «ሲስተር፣ በእጃቸው እንዳይበሉ ከልክለሽ በአፋቸው ማንሣት አስጀመርሻቸው?» ብለው ሄዱ። በቃ፣ ለጉባኤው የሚሉትን አገኙ ብዬ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ሳምንት ሳይሞላ ከግቢው ውጭ የጋሪ ድምፅ ተሰማ። ዳኛው ከፊት፣ ቄሱና ሼሁ ከኋላ፣ ጋሪው ላይ ደግሞ በብረት እግር ላይ የተበየደ በርሜል። በርሜሉ ቧንቧ አለው። ከሥሩ አንድ የሚረገጥ ነገር ወጥቷል፣ በሽቦ ከቧንቧው ጋር ተያይዟል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ፍሪሲዮን» አሉ። «የድሮ የጭነት መኪና ነው። ስትረግጪው ይሰጣል፣ ስትለቂው ይዘጋል። ጆግ የለ፣ ግፊያ የለ፣ ውኃ አይባክንም።» ልጆቹን አየት አደረጉ። «ማን ይሞክረዋል?»

ማንም ሳይጠራት ያቺ ልጅ ወጣች። ፍሪሲዮኑ ጠንካራ ነበርና በአንድ እግሯ አልሄድ አላት። የበርሜሉን እግር በሁለት እጇ አቅፋ በሁለት እግሯ ወጣችበት። ፍሪሲዮን ከተባለ መኪና ነው፣ መኪና ከሆነ ድምፅ ያስፈልገዋል፤ «እንንንን» አለች። ግቢው በሙሉ «እንንንን» ብሎ ተከተላት። ውኃው ወረደ።

ዳኛው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሳሙናውን ይዘው ቀስ ብለው ታጠቡ፤ አንደኛውን እጅ፣ ሌላኛውን፣ በየጣቱ መሐል፣ ጥፍር ሥር። ልጅቷ ከላይ ሆና የምታየው እጃቸውን ሳይሆን የሚወርደውን ውኃ ነበር። «ውኃው ጠራ» ብላ ወረደች። መዳፋቸውን ገለበጠች፣ አሸተተች።

«ሳሙና ሳሙና ይሸታል» አለች። «ግን ጥቁር ነው።»

«ጥቁር ነው» አሉ ዳኛው። «የመኪና ነው። አይለቅም።»

አሰበች። በዚያች ሰዓት ቤታችን ያለው በእሷ አፍ ነው። ምን በይ ብዬ አልነገርኳትም፣ ብነግራትም አትሰማኝም ነበር።

«የእማዬም እጅ ቢጫ ነው» አለች በመጨረሻ። «የእርድ ነው። እሱም አይለቅም።» ይህን ብላ አፏን ከፈተች፣ የወለቀው ጥርሷ ቦታ እየታየ።

ዳኛው ከምሳ ዕቃዋ ፍርፍር ጠቀለሉ። አፏ ዘንድ ሲደርሱ ግን እጃቸው ቆመ። «ቆይ» አሉ። «አንቺስ ታጥበሻል?»

ልጅቷ መዳፏን አየች። የበርሜሉን እግር አቅፋ ስለነበር ዝገት በዝገት ሆኗል። በእኛ ልማድ ታናሽ ነው ታላቁን የሚያስታጥበው። ሽማግሌ ሕፃን ሲያስታጥብ አይተን አናውቅም። ዳኛው ጉርሻውን ክዳኑ ላይ አስቀመጡ፣ ጉልበታቸው ቋ እያለ ወደ በርሜሉ ጠጋ አሉና ጫማቸውን ፍሪሲዮኑ ላይ አደረጉ። «ታጠቢ» አሉ። ቄሱ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፣ ሼሁ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ልጅቷ ግን እጇን አላስገባችም።

«ድምፁስ?» አለቻቸው።

የእድሩ ዳኛ ግራ ቀኝ አዩ። ጉሮሯቸውን አጸዱ። «እንንንን» አሉ፣ እሳቸው ግን በእውነተኛ የመኪና ድምፅ፣ ማርሽ ሲቀየር ያለውን መንገጫገጭ ጨምረው። ልጆቹ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም። ልጅቷ ታጠበች። ጉርሻው ሲመጣ ጉንጯን ሁሉ ሞላው፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር አኘከች። እንደዋጠች አፏን እንደገና ከፈተች፤ «አንድ ያጣላል» አለች። ሁለተኛውን ጠቀለሉላት።

በሚቀጥለው ጉባኤ የእኛን ነገር ራሳቸው አነሡት። «ቤቱ የልጆቹ ነው። ድስቱ ጥግ ይያዝ» አሉ። «ሰው ሲሞትስ?» ብሎ አንዱ ጠየቀ። «ሰው ሲሞት ይወጣሉ፣ ሲቀበር ይመለሳሉ» አሉ፤ አለቀ። ምግብ ሲቀርብ እድርተኛው በሙሉ በበርሜሉ ተሰለፈ። በር ላይ ያቺ ልጅ ቆማ ነበርና ያመለጠ የለም።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። ሰው እየመጣ አየን፣ ሌላ ሰፈር ሄደሽ ጀምሪ ተባልኩ፣ ጀመርኩ፣ ሴቶች አሠለጠንኩ። ፈር ቀዳጅ ያሉኝ ይሄኔ ነው። በየሄድኩበት በርሜሉን አስኮረጅሁ። ድምፁ ግን አልኮረጅ አለ፤ ሌላ ቦታ ልጆቹ ዝም ብለው ረግጠው ይታጠባሉ። ጠመንጃ ያዥ ግን አንዱ ዙር ለሌላው ዙር ማንም ሳያስተምር አወረሰው። ማርሹን የጨመሩት ደግሞ ከዳኛው የሰሙ ናቸው፤ የመጀመሪያው አንደኛ ያስገባል፣ ከኋላው ያለው ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ። ተራ የሚጋፋ ልጅ ጠፋ፤ ማርሽ መዝለል አይቻልማ።

ከዚያ የእኛ ሰፈር ያለበት የልደታ ቤት ሁሉ መፍረስ ጀመረ። ባንድ በኩል ኮንዶሚኒየሙ ይወጣል፣ ባንድ በኩል ሰዉ ዕቃውን ጭኖ ይበተናል። የእድሩም ቤት ተራው ደርሶ ምልክት ተቀባ። ዳኛው ግን ከቤቱ ቀደሙ፤ ሳይፈርስ አረፉ። በውላችን መሠረት ልጆቹን ወደየቤታቸው ሸኘሁ። የእሳቸው መንገድ ጠባብ ስለሆነ ድንኳኑ የተተከለው እኛ ግቢ ነው። ቆሜ አስተዋልኩት፤ ቀጥ ብሏል። ገመዱን የወጠሩት ያደጉ ልጆቼ ናቸው፣ ለምን እንደሚጠነቀቁ ለማንም አልተናገሩም።

ከቀብር ስንመለስ እንደ ደንቡ ታጥቦ ንፍሮ መቅመስ ነበርና ሰዉ በበርሜሉ ተሰለፈ። ንፍሮውን የምታድለው ያቺ ልጅ ናት። ትልቅ ሴት ሆናለች፣ ከእናቷ ጋር ሱቅ ነው የምትሠራው፣ የእሷም እጅ ቢጫ ሆኗል። ከሰልፉ ፊት የነበረው ያ ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ባንክ ተቀጥሯል፣ ጥቁር ኮትና ክራባት አድርጓል፣ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ አደረገ። ከጉሮሮው ሥር፣ እጅግ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እንንንን» ሲል ሰማሁ።

የሰማሁትን ተጠራጠርኩ። ቀጥሎ እንደ አባቱ ሚኒባስ የሚነዳው ጎረምሳ መጣና ሁለተኛ አስገባ። ከእሱ በኋላ ያለችው እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ሦስተኛ። አንገታቸውን ደፍተው፣ ሳይተያዩ፣ ማርሽ እየቀየሩ አለፉ። አርጅተው በትር የያዙት ቄስ በቁጣ ዞር ሲሉ ከእሳቸው ባላነሰ ያረጁት ሼህ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

የዳኛው ባለቤት ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ናቸው። ቀና አሉ። «ማን ነው መኪና የሚያስነሣው?» አሉ።

«እኛ ነን እማማ» አለቻቸው ንፍሮ የያዘችው። «እየታጠብን ነው።»

ባለቤታቸው ጆሯቸውን አቀኑ። ሰልፉ ፈራ ብሎ ቆሞ ነበር። «ታዲያ ምን አቆማችሁ?» አሉ። «እሱ መሐል መንገድ ላይ መቆም አይወድም።»

ሰልፉ ቀጠለ፣ ሳቁም ልቅሶውም አብሮ መጣ። ተራዬ ደረሰ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ አስተማሪ ነኝ ብዬ፣ አንድም ቀን ያን ድምፅ አውጥቼ አላውቅም ነበር። ጫማዬን ፍሪሲዮኑ ላይ አደረግሁ። ከፊቴ የታጠበችው እናት ሁለተኛ ላይ ነበር ያደረሰችው። ሦስተኛ አስገባሁ።